ሴፍቲ ባለሙያን ስለ ወገብና ትከሻ ጉዳት ማሰልጠን፦ ስላይዱን ዝጉና ወደ ስራው ቦታ ውሰዷቸው

ብዙ ቦታ የሴፍቲ (የስራ ደህንነት) ሰዎች ስለ ጡንቻና መገጣጠሚያ ጉዳት እንዴት እንደሚሰለጥኑ ታውቃላችሁ። ግማሽ ቀን አዳራሽ ይቀመጣሉ፣ ጉልበቱን አጥፎ ሳጥን የሚያነሳ ሰውዬ ስእል ያያሉ፣ አጠገቡ ጎብጦ የሚያነሳው ላይ ቀይ ኤክስ ተደርጎበታል፣ ሰርተፍኬት ይቀበላሉ፣ ከዛ ተመልሰው ያንኑ ስእል ለሰራተኛው ያሳያሉ። ሰራተኛውም አይቶ፣ ፈርሞ፣ ሄዶ ያንኑ ካርቶን ከዛው መሬት ላይ በዛው ፍጥነት ያነሳል።

ይሄ የኔ ምሬት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. 2008 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ የገመገመ ስራ የአነሳስ ስልጠና የወገብ ህመምን እንደሚከላከል ማስረጃ አላገኘም፣ ከስልጠናው ጋር የማንሻ መሳሪያ የተሰጠበትም ቢሆን። እኔ ይሄን የምረዳው እንዲህ ነው፦ ሰውየውን ማስተማርና ስራውን መቀየር የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ መሳሪያ አምጥቶ ጥግ ማቆም ደግሞ ስራን መቀየር አይባልም። ስለዚህ ሴፍቲ ኦፊሰሮችን የምታሰለጥኑ ከሆነ ግባችሁ አንድ ይሁን፣ እያንዳንዱ ሰልጣኝ ስልጠናውን ሲጨርስ ቢያንስ አንድ ስራ በተግባር ቀይሮ ማሳየት አለበት። ፈተና ማለፍ፣ ፖስተር መለጠፍ ምናምን አይቆጠርም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እዛ ለመድረስ ነው።

መጀመሪያ የሚያስቡበትን መንገድ ማዞር

ሴፍቲ ኦፊሰር የሰለጠነው አደጋ ላይ ነው። ሰው ወደቀ፣ እጅ ማሽን ውስጥ ገባ፣ ኤሌክትሪክ ያዘው፣ ሰአቱ ይታወቃል ቦታው ይታወቃል፣ ሪፖርት ይፃፋል። የወገብና የትከሻ ጉዳት ግን ብዙ ጊዜ እንደዛ አይመጣም፣ ወራትና አመታት ተጠራቅሞ አንድ ቀን ሰውየው እስክሪብቶ ሊያነሳ ሲጎነበስ ወገቡ ይያዛል፣ ከዛ ሪፖርቱ ላይ ምን ተብሎ ይፃፋል? "እስክሪብቶ ሲያነሳ"። እንዲህ አይነት ሪፖርት አምጡና ሰልጣኞቹ ላይ ጣሉት፣ ምክንያቱ ምንድነው ብላችሁ አከራክሯቸው። መጀመሪያ ላይ አብዛኛው ሰው "ጥንቃቄ ማነስ" ይላል። ይበሉ፣ አትቆጡ፣ ሰሌዳው ላይ ፃፉትና ተዉት፣ በኋላ እራሳቸው ያጠፉታል።

ከዛ ጉዳቱ እንዴት እንደሚፈጠር አሳዩ፣ ግን የአናቶሚ ክፍለ ጊዜ አታድርጉት። ጡንቻ፣ ጅማትና የጀርባ ዲስክ በስራ ይደክማሉ፣ እረፍት ሲያገኙ ያገግማሉ፣ ድካሙ ከማገገሙ ሲበልጥ ጉዳት ይጀምራል። ድካሙን የሚያበዙት ደግሞ የታወቁ ናቸው፦ የሚጠይቀው ጉልበት፣ የሰውነት አቀማመጥ፣ ድግግሞሽ፣ ርዝማኔ፣ ንዝረት፣ ሰውነት ላይ የሚጫን ስለታም ጠርዝ፣ ብርድ። አንዱ ብቻውን ሲሆን ሰውነት ብዙውን ይችለዋል፣ አስቸጋሪው ሲደራረቡ ነው። ከባድ ነገር በቀን ሁለቴ ማንሳትና ከባድ ነገር ተጠማዞ በደቂቃ አስር ጊዜ ማንሳት አንድ አይደሉም። የስራ ጫናና ከአለቃ ጋር ያለ ጭቅጭቅም ይቆጠራል፣ እሱን ብዙ ሰልጣኝ ይስቅበታል፣ ግን የተወጠረ ሰው ጡንቻውም የተወጠረ ነው፣ እረፍትም አይወስድም።

አንድ ስሌት ብቻ ሰሌዳ ላይ ስሩላቸው፣ ይሄ አይረሳቸውም። 15 ኪሎ ጭነት ወደ 150 ኒውተን (የጉልበት መለኪያ ነው) ይመዝናል። ከጀርባ አጥንት 50 ሳንቲሜትር ርቆ ከተያዘ፣ ወገብን ቀጥ አድርገው የሚይዙት የጀርባ ጡንቻዎች ግን ከአከርካሪው ወደ 5 ሳንቲሜትር ብቻ ርቀው ነው የሚጎትቱት፣ ስለዚህ ጡንቻው 10 እጥፍ፣ ማለትም ወደ 1,500 ኒውተን መጎተት አለበት፣ ለጭነቱ ብቻ ማለት ነው፣ የሰውየው ደረትና ጭንቅላት ገና አልተቆጠረም። ያንኑ ጭነት ወደ 25 ሳንቲሜትር አስጠጉት፣ በግማሽ ይወርዳል። ጭነቱ አልቀለለም፣ ሰውየው አልጠነከረም፣ የተቀየረው ርቀቱ ብቻ ነው። "ጉልበትህን እጠፍ" የሚለውን ስእል እዚህ ላይ መልሳችሁ አምጡት፦ ካርቶኑ በሁለቱ ጉልበቶች መሀል የማይገባ ትልቅ ከሆነ ሰውየው ጉልበቱን ሲያጥፍ ጭነቱ ወደፊት ይገፋል፣ ርቀቱ ይጨምራል፣ ትእዛዙን በትክክል ፈፅሞ ወገቡን የበለጠ ጫነው ማለት ነው። ሰልጣኞቹ ዝም ይላሉ እዚህ ጋ።

ወደ ስራው ቦታ

ከግማሽ ቀን በላይ አዳራሽ ውስጥ አታቆዩአቸው። ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ላኩ፣ አንድ ስራ ይምረጡ፣ አንድ ሜትር፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ ስልክ ይያዙ። ለመግፋትና ለመጎተት ስራ የተንጠልጣይ ሚዛን ቢኖራቸው ጥሩ ነው፣ ጋሪው ስንት እንደተጫነ እኮ ብቻውን ምንም አይናገርም፣ ጎማው የተበላ ጋሪ በግማሽ ጭነት ከጥሩው ሙሉ ጭነት በላይ ሊከብድ ይችላል፣ ስለዚህ የሚለካው ለማስነሳት የሚጠይቀው ጉልበት ነው።

ቪዲዮ ሲቀርፁ ከጎን ይቅረፁ፣ ከፊት ከሆነ ጉብታውም የእጅ ርቀቱም አይታይም። አንድ ዙር ሳይሆን ብዙ ዙር፣ አንድ ሰው ሳይሆን ረጅሙንም አጭሩንም፣ አዲሱንም የቆየውንም። ከመቅረፅ በፊት ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው፣ ቪዲዮው ለፍጥነት መቆጣጠሪያ ወይም ለቅጣት እንደማይውል ሱፐርቫይዘሩ ባለበት መናገር አለባቸው፣ ካልሆነ ሰራተኛው ካሜራ ሲያይ እንደ ስእሉ ሰውዬ ነው የሚያነሳው፣ እናንተም ውሸት ለክታችሁ ትመጣላችሁ።

አሁን ከሁሉ በላይ የምወደውን ነገር ልንገራችሁ፦ ሰራተኛው ራሱ የሰራቸውን ማስተካከያዎች እንዲፈልጉ አድርጉ። ጨርቅ የተጠቀለለበት እጀታ፣ ከእግር ስር የተነጠፈ ካርቶን፣ ወንበር ላይ የታሰረ ስፖንጅ፣ ጠርዙ ላይ ፕላስተር የተለጠፈበት ጠረጴዛ፣ ከፍ እንዲል ከስሩ ባዶ ፓሌት (እቃ የሚደረደርበት የእንጨት መደብ) የገባበት ሳጥን። እነዚህ ሁሉ ያለ ወረቀት የተፃፉ ሪፖርቶች ናቸው፣ እያንዳንዱ "እዚህ ጋ ያመኛል" ነው የሚለው። የድሮው ሴፍቲ ኦፊሰር እነዚህን አይቶ "ስርአት አልባነት" ብሎ ያስነሳቸዋል። የናንተ ሰልጣኝ ግን ፎቶ አንስቶ ለምን እንደተሰሩ መጠየቅ አለበት።

አጠያየቁም ራሱ ልምምድ ይፈልጋል። "ያምዎታል?" ብሎ የሚጠይቅ ልጅ "ኧረ ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን" ተብሎ ይመለሳል፣ ሰውየው ስራውን እንዳያጣ ስለሚሰጋ። ሰልጣኞቹን እርስ በርስ ሰራተኛና ጠያቂ አድርጋችሁ አለማምዷቸው፦

"ጋሼ፣ እዚህ ቦታ ነገ አዲስ ልጅ ቢመጣ ምን ብለው ይመክሩታል?"

"ታችኛውን ረድፍ ቀስ ብለህ አንሳ እለዋለሁ። እሱ ነው ሰው የሚጥለው።"

"ከሰአት በኋላስ ስራው እንደ ጠዋቱ ነው?"

"የት! ከምሳ በኋላ እኮ ትከሻዬን እያሸሁ ነው የምሰራው።"

አያችሁ፣ ህመም የሚል ቃል ጠያቂው አላነሳም። ስለ ስራው ነው የጠየቀው፣ ስለ ሰውየው አይደለም፣ መልሱ ግን ሁሉንም ይዞ መጣ።

መለኪያ፦ ጥቂት፣ ግን በደንብ

አንዳንድ አሰልጣኝ አስር አይነት መለኪያ አሸክሞ ይልካቸዋል፣ ሁሉንም ሰምተው አንዱንም አይጠቀሙም። ሶስት ይበቃል፣ ለማንሳት የናዮሽ ቀመር፣ ለአቀማመጥ ሩላ ወይም ሬባ የሚባሉት የነጥብ መስጫ ቅፆች፣ ለህመም የሰውነት ካርታ።

ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የስራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም ነው፣ ቀመሩን መጀመሪያ እ.ኤ.አ. 1981 አወጣ፣ ከዛ በ1991 አሻሻለው። ከ23 ኪሎ ይነሳል፣ ያ ሁሉም ነገር ምቹ ሲሆን ነው፣ ከዛ ሁኔታው በተበላሸ ቁጥር ከአንድ በሚያንስ ቁጥር እየተባዛ ይቀንሳል። ምሳሌ እንስራ። 15 ኪሎ ካርቶን ከፓሌት ታችኛው ረድፍ ተነስቶ ኮንቬየር (እቃ የሚያጓጉዝ ቀበቶ) ላይ ይጫናል። ሲነሳ እጅ ከመሬት 15 ሳንቲሜትር ላይ ነው፣ ከቁርጭምጭሚት እስከ እጅ ያለው አግድም ርቀት 50፣ ኮንቬየሩ 75 ላይ ነው ስለዚህ ወደ ላይ 60 ይጓዛል፣ መጠማዘዝ የለም፣ በደቂቃ አንድ፣ እስከ ሁለት ሰአት፣ አያያዙ መካከለኛ። የርቀቱ ማባዣ 25 ሲካፈል ለ50 ነው፣ 0.5። የከፍታው፣ እጅ ከምቹው ከፍታ ከ75 የራቀበትን 60 ሳንቲሜትር በ0.003 አባዝቶ ከአንድ መቀነስ ነው፣ 0.82። የጉዞው 0.82 ሲደመር 4.5 ሲካፈል ለ60፣ ወደ 0.9። የድግግሞሹ ከሰንጠረዥ 0.88፣ የአያያዙ 0.95። ሁሉም ሲባዛ 7 ኪሎ አካባቢ ይወጣል። 15ን ለ7 ስናካፍል 2.1፣ ማለትም ጭነቱ ከሚመከረው እጥፍ በላይ ነው፣ ግባችን ደግሞ ከ1 አለማለፍ ነው።

አሁን ሰልጣኞቹን ጠይቁ፣ ካርቶኑን ሳትነኩ ቁጥሩን አውርዱ በሏቸው። ፓሌቱን በሚነሳ ጠረጴዛ 75 ላይ ካደረሱትና ጠረጴዛው የሚሽከረከር ሆኖ ርቀቱ 30 ከሆነ፣ ከፍታውም ጉዞውም አያያዙም ወደ 1 ይመጣሉ፣ የርቀቱ 0.83 ይሆናል፣ የሚመከረው ወደ 17 ኪሎ ይወጣል፣ ውጤቱ 0.9። ያው 15 ኪሎ፣ ያው ሰው! ይሄን ሲያዩ ነው ነገሩ የሚገባቸው። አስከትላችሁ ደግሞ ስራው ሙሉ ሺፍት ቢሆንስ በሏቸው፣ የድግግሞሹ ማባዣ 0.75 ይሆናል፣ ውጤቱም ትንሽ ከ1 ያልፋል፣ ስለዚህ ጠረጴዛው ብቻ አልበቃም፣ ሰአቱም መታየት አለበት።

የማይሰራበትንም ተናገሩ፦ በአንድ እጅ ማንሳት፣ ተቀምጦ ወይም ተንበርክኮ፣ ጠባብ ቦታ፣ የሚያንሸራትት ወለል፣ መግፋትና መጎተት፣ ተሸክሞ መሄድ፣ ህመምተኛ ማንሳትን የመሰለ የሚንቀሳቀስ ጭነት፣ ከ8 ሰአት በላይ። ይሄን ያልሰማ ሰልጣኝ ቀመሩን ሁሉ ቦታ ይለጥፈዋል።

ሩላ እ.ኤ.አ. 1993 የወጣ ነው፣ በተለይ ለእጅ፣ ትከሻና አንገት፣ ከ1 እስከ 7 ይሰጣል፣ 7 ማለት አሁኑኑ ቀይር ነው። ሬባ በ2000 መጣ፣ መላ ሰውነትን ያያል፣ እስከ 15 ይሄዳል። አሞላላቸውን ማስተማር ቀላል ነው፣ ከባዱ ሁለት ሰው አንድ አይነት ቁጥር እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ስለዚህ አንድ ቪዲዮ ለሁሉም አሳዩ፣ ሳይነጋገሩ ነጥብ ይስጡ፣ ቁጥሮቹን ሰሌዳ ላይ ፃፉ። አንዱ 4 ሌላው 7 ይላል፣ ክርክር ይነሳል፣ የክርናቸውን አንግል የት ቦታ ላይ ቪዲዮውን አቁመው እንዳዩት ይነጋገራሉ። ይሄ ክርክር ራሱ ስልጠናው ነው፣ አታቋርጡት፣ ቪዲዮ እየቀያየራችሁ ደጋግሙት ቁጥሮቹ እስኪቀራረቡ።

ለህመም ደግሞ የሰውነት ስእል ላይ ምልክት የሚደረግበት ቅፅ፣ ያለ ስም። እ.ኤ.አ. 1987 የወጣው የኖርዲክ መጠይቅ ጥሩ መነሻ ነው፣ ባለፉት 12 ወራትና ባለፉት 7 ቀናት የት የት እንዳመማቸው ይጠይቃል። ከማስተካከያው በፊትና በኋላ ይሞላል።

መፍትሄው ላይ ጥብቅ ሁኑ

ስልጠናው ውስጥ አንድ ህግ አድርጉ፦ ማንም ሰልጣኝ ስራውን የሚቀይሩ ሶስት ሀሳቦች ሳያመጣ "ስልጠና እንስጥ" ወይም "ሰው ከቦታ ቦታ እያፈራረቅን እናዘዋውር" ማለት አይችልም። እነዚህ ሁለቱ ወጪ ስለሌላቸው አፍ ላይ ቶሎ ነው የሚመጡት። ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፣ መጀመሪያ ማንሳቱን ራሱን ማስቀረት ይቻላል ወይ፣ ካልሆነ መሳሪያ ወይም ዲዛይን፣ ከዛ አሰራርና እረፍት፣ መጨረሻ ላይ ሰውየው። የእንግሊዝ በእጅ ጭነት የማንሳት ደንብ ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዚሁ መንፈስ ነው የተፃፈው፣ አስቀር፣ ካልቻልክ ገምግም፣ ከዛ ቀንስ።

ሀሳብ እንዲመጣ ጥያቄ ስጧቸው። ይሄ እቃ ሁለት ጊዜ የሚነሳው ለምንድነው፣ አንዴ ብቻ ቢነሳስ? ከረጢቱ ማነስ ይችላል? ወይም በተቃራኒው፣ ሰው ጭራሽ ሊያነሳው እንዳይሞክር ትልቅ ቢሆንና ፎርክሊፍት ብቻ ቢያነሳውስ? ይሄኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፣ 25 ኪሎ ግን ለሰው ከባድ ለማሽን ቀላል የሆነ መጥፎ መሀል ነው። የሚሰራው እቃ ወደ ሰራተኛው ቢያዘነብልስ? መሳሪያው ከላይ በባላንሰር (ክብደቱን በሚይዝ ማንጠልጠያ) ቢንጠለጠልስ? የእጀታው አቅጣጫ ቢቀየር የእጅ አንጓው ቀጥ አይልም?

ሰው ማዘዋወር መጥፎ አይደለም፣ ግን ከሶስቱ የስራ ቦታዎች ሶስቱም ትከሻ የሚጠቀሙ ከሆነ ያው አንድ ስራ ነው። ወገብ የሚደግፍ ቀበቶ ይታሰር የሚለው ሁሌ ይነሳል፣ ማኔጅመንትም ይወደዋል፣ ርካሽ ነው ይታያል። ናዮሽ እ.ኤ.አ. 1994 ጤነኛ ሰራተኛን ከጉዳት እንደሚከላከል በቂ ማስረጃ የለም ብሏል፣ በ2000 የታተመ ትልቅ ጥናቱም የወገብ ህመምንም ሆነ የካሳ ጥያቄን ሲቀንስ አላገኘውም። ሰልጣኞቹ ይሄን በልባቸው ይያዙት፣ ስብሰባ ላይ ያስፈልጋቸዋል። ጠዋት ጠዋት ማፍታቻ መስራትም ክፋት የለውም፣ ስራው እንዳለ ከቀጠለ ግን ከእሱ ብዙ አትጠብቁ።

አለቃውን ማሳመንና ቁጥሩ ሲጨምር

ኦፊሰሩ ያገኘውን ይዞ ማኔጅመንት ፊት ሲቀርብ ስለ ዲስክ ቢያወራ ማንም አይሰማውም። የአንድ ገፅ ማቅረቢያ አለማምዱት፦ የቪዲዮው ሁለት ፎቶ፣ ከማስተካከያው በፊትና በኋላ ያለው ቁጥር፣ ወጪው፣ እና ባለፈው አመት በዛ ቦታ በህመም የጠፉ ቀናት፣ የወጡና የተተኩ ሰዎች፣ የተበላሸ እቃ። ህግም አለ ብሎ ማስፈራራት እንደየሀገሩ ነው፣ አሜሪካ ለምሳሌ አጠቃላይ የኤርጎኖሚክስ (ስራን ከሰው አቅም ጋር የማስማማት) ደንብ እ.ኤ.አ. ህዳር 2000 አውጥታ በመጋቢት 2001 ኮንግረስ ሰርዞታል፣ ስለዚህ ሰልጣኙ የራሱን ሀገር ህግ አንብቦ ይምጣ እንጂ ከኢንተርኔት ያገኘውን አይጥቀስ።

አንድ ነገር ግን አለቃው አስቀድሞ ይወቅ፦ ጥሩ ፕሮግራም ሲጀመር መጀመሪያ ላይ የህመም ሪፖርት ይጨምራል። የተደበቀው ስለሚወጣ ነው። ይሄን አስቀድሞ ያልተናገረ ኦፊሰር በሶስተኛው ወር ፕሮግራሙ ይዘጋበታል። "ይሄን ያህል ቀን ያለ ጉዳት" ተብሎ ሽልማት የሚሰጥበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ሽልማቱ ይቁም፣ ሰው ለሽልማቱ ሲል ህመሙን ይውጣልና። ቶሎ የተነገረ ህመም ስራውን በማስተካከል ሊቆም ይችላል። መደንዘዝ፣ የመያዝ አቅም ማጣት፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ የእጅ ህመም ካለ ግን ኦፊሰሩ ሀኪም አይሁን፣ ወደ ሀኪም ይላክ።

ተመልሳችሁ ሂዱ

ሁለት ቀን አሰልጥኑ፣ ከዛ ስድስት ሳምንት ያህል ስራቸው ላይ ተዉአቸውና እናንተ ሂዱ፣ እነሱ አይምጡ። አዲሱ ጠረጴዛ የት ነው በሉ። ጥግ ቆሞ አቧራ ከለበሰ ሰራተኛውን አትውቀሱ፣ ኦፊሰሩ ሰአት ይዞ ይለካ፣ ጠረጴዛውን ለማንሳት የሚፈጀው ጊዜ ከኮንቬየሩ ፍጥነት ጋር አይሄድ ይሆናል፣ ፔዳሉ ከማይደረስበት ጎን ይሆናል፣ ወይ ደግሞ ለሌሊት ሺፍቱ ሰዎች ጭራሽ ማንም አላሳያቸውም። እዛው ቆማችሁ ከሰራተኛውና ከሱፐርቫይዘሩ ጋር ምን እንደሚቀየር ተነጋገሩ፣ ማን እስከመቼ እንደሚሰራው ፃፉ፣ ቪዲዮውንም ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ጎን እንደገና ቅረፁት፣ በተለይ የሌሊቱን።